ተረት ስጀምር ሕፃናቱ ይበተኑብኛል፤ ምን ላድርግ?

መጽሐፍ ጠባቂዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት አነስ ያለች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው። ከወር በፊት አለቃዬን ለምኜ ለምኜ፣ ቅዳሜ ጠዋት በልጆች ክፍሏ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የተረት ሰዓት እንዳዘጋጅ ተፈቀደልኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ማስታወቂያውን በእጄ ጽፌ በር ላይ ለጠፍኩ፣ ለሰፈሩ እናቶችም በቴሌግራም ላክሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ 11 ልጆች መጡ። ትንሿ የ5 ወር ናት፣ ትልቁ ሁለት ዓመት ተኩል። እናቶች፣ ሁለት ሞግዚቶች፣ አንድ አያት። እኔ እንደ አባባ ተስፋዬ ወንበር ላይ ጉብ ብዬ «ተረት ተረት» አልኩ። «የላም በረት» ያሉት ትልልቆቹ ብቻ ናቸው። የአንበሳና የጅብ ተረት ነበር የመረጥኩት፣ ማታ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጄዋለሁ። ጅቡ ገና ከዋሻው ሳይወጣ አንዱ ጠረጴዛ ሥር ገባ፣ አንዷ የጫማዬን ማሰሪያ ፈታች፣ አንድ የ9 ወር ልጅ ደግሞ ከቅርጫት ያወጣውን መጽሐፍ ጥጉን ያኝካል። ከዚያ አንዷ አለቀሰች፤ እሷን ሰምተው ሦስት ተከተሏት። እናቶቹ መጀመሪያ «እሽ! እሽ!» ሲሉ ቆዩና አንድ በአንድ ስልካቸውን አወጡ። ተረቱ አፌ ላይ ቀረ።

ይባስ ብሎ ከጎን ካለው ማንበቢያ አዳራሽ አንድ ልጅ በሩን ከፈት አድርጎ «እህት፣ እኛ እኮ ማትሪክ ተፈታኞች ነን» አለኝ። እንዴት እንዳፈርኩ!

ሦስተኛው ቅዳሜ አምስት ብቻ መጡ። እስቲ ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ። ስንት ደቂቃ ነው የሚበቃቸው? እንዴት ነው አንድ ቦታ የሚቀመጡት? ወይስ ይሄ ዕድሜ ለተረት ስላልደረሰ ትቼው የ5 እና የ6 ዓመቶቹን ልጥራ? በጀት የሚባል ነገር የለኝም። ዜሮ።

የመንታ አባት፦

እህቴ፣ አንቺ 11 ልጅ ልታስቀምጪ ሞከርሽ፤ እኔ ሁለቱን ካልሲ ማልበስ አቅቶኝ ቤት የዋልኩበት ቀን አለ።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። የኔዎቹ ዓመት ከስምንት ወራቸው ነው። አንድ የእንስሳት መጽሐፍ አለን፤ ውሻው ያለበት ገጽ ላይ ስንደርስ «ውው» ይላሉ፣ እኔም «ውው»። ገጹን ልገልጥ ስል ጩኸት ነው። ያንን ውሻ 30 ጊዜ ሳንጠራው አንተኛም። ላሟና ድመቷ እስካሁን ተራ አልደረሳቸውም። እና ያንቺ ጅብ ከዋሻው እስኪወጣ ማን ይጠብቅሻል? በቀጥታ አውጪው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው፦

ሰላም እህት። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ 7 ወር ከሞላት ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ለሕፃናት የሚያዘጋጀው ሰዓት ላይ እወስዳት ነበር። የመጀመሪያው ቀን፣ ሴትዮዋ ተቀምጣ መጽሐፍ ታነብላቸዋለች ብዬ ነው የሄድኩት። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያነበበችው ሁለት ብቻ ነው፣ እነሱም በየገጹ አንድ መስመር ያላቸው። ሌላው ሁሉ መዝሙር፣ ጭብጨባ፣ ልጅ ማወዛወዝ፣ ጣት መቁጠር። ለዚህ ነው እንዴ መኪና ነድቼ የመጣሁት ብዬ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የመግቢያዋ መዝሙር ስትጀመር ልጄ እግሯን ማወራጨት ያዘች። አወቀቻታ!

ልብ ብዬ ያየሁት ነገር ሴትዮዋ ወንበር ላይ አለመቀመጧን ነው። ሁላችንም ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተን፣ ልጅ በየእናቱ ጭን ላይ። እሷ አንዲት የጨርቅ አሻንጉሊት ጭኗ ላይ አስቀምጣ የምታደርገውን ሁሉ በአሻንጉሊቷ ታሳየናለች፣ እኛ በልጆቻችን እናደርገዋለን። ስታስተምር የነበረው እኛን ነው። በሳምንት አንዴ የሚያገኟት ሴትዮ ልጅ አታሳድግም፤ ቤት ወስደን እንድንደግመው ነበር ልፋቷ። ስልክ ያወጣ ሰው አላየሁም፣ እጃችን መቼ ባዶ ሆነና!

ሌላው፣ በየሳምንቱ ስትጀምር የምትለው ነገር ነበራት። «ልጃችሁ ቢነሳ፣ ቢዞር ምንም አይደለም። ካለቀሰ ወጣ ብላችሁ አባብላችሁት ተመለሱ።» በቃ፣ ይሄን ስትሰሚ ትከሻሽ ይወርዳል። አንቺ ክፍል ውስጥ ያ ሁሉ «እሽ! እሽ!» የእፍረት ነው። ልጇ ሲሮጥባት ሰው ሁሉ የታዘባት ይመስላታል፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቤቷ ትቀራለች። ሰው የቀነሰብሽ ለዚያ ይመስለኛል፣ ተረቱ አስጠልቷቸው አይደለም።

መደጋገም ደግሞ አትፍሪ። ባልቲሞር ውስጥ አንድ የታወቀ የሕፃናት ፕሮግራም አለ፤ 80 በመቶው ካለፈው ሳምንት የተደገመ ይሁን፣ አዲሱ 20 በመቶ ይበቃል ይላሉ። የሚሰለቸን እኛ ትልልቆቹ ነን። እዚህ አገር ቤተ መጻሕፍት ለወላጅ የሚመክሩት አምስት ነገርም አለ፦ ማውራት፣ መዘመር፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መጫወት። መጻፍ ሲባል ሀ ሁ አይደለም፣ አሸዋ ላይ በጣት መሞነጫጨርም ይቆጠራል።

ሲያልቅ ደግሞ ወዲያው አትበትኛቸው። የኛዋ ቅርጫት ሙሉ አሻንጉሊት ትዘረግፍና 15 ደቂቃ ዝም ብለን እንጫወታለን። እኔ እዚህ አገር የመጀመሪያ ጓደኛዬን ያገኘሁት በዚያች 15 ደቂቃ ነው፤ ልጆቻችን አንድ ኳስ ላይ ተጣልተው።

ቲቸር ከባሕር ዳር፦

ከላይ የተባለው ጥሩ ነው፤ ግን የፈረንጅ መዝሙር ተርጉመሽ እንዳትገቢ አደራ። የኛ እናቶች ለዚህ ዕድሜ ያላቸው ሞልቷል። ደብተር ላይ ስላልሰፈረ ብቻ ትምህርት አይመስለንም። ልጅ ሊቆም ሲንገዳገድ «ወፌ ቆመች!» የማይባልበት ቤት የት አለ? ዳዴ አለ። እሽኮኮ አለ። እሹሩሩ አለ። ኩኩሉ አለ።

ኩኩሉን እኔ እንዲህ ነው የምጫወተው (መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው የምሠራው፣ ትንንሾቹን ነው የያዝኩት)። አንድ ሰፊ ነጠላ አመጣለሁ። አራት ሰው ጫፍ ጫፉን ይይዛል፣ ሕፃናቱ ከሥር ናቸው። ቀስ ብለን ወደ ላይ፣ ቀስ ብለን ወደ ታች። ሲወርድባቸው ጸጥ ይላሉ፣ በእውነት ጸጥ ይላሉ። ከዚያ እኔ «ኩኩሉ!»፣ እናቶች «አልነጋም!»። እንደገና «ኩኩሉ!»፣ «አልነጋም!»። ሦስተኛው ላይ «ነጋ!» ብለን ነጠላውን ብድግ። ያን ጊዜ ፊታቸውን ማየት ነው! ይሄ ራሱ ተረት ነው። ጨለማ አለው፣ መጠበቅ አለው፣ መንጋት አለው። የአንድ ዓመት ልጅ ከዚህ የረዘመ ምን ያደርግለታል? ደግሞ ነጠላ የያዘ እጅ ስልክ አይዝም፣ እሱም አንድ ጥቅም ነው።

ሌላ አንዲት ጉንዳን አለችኝ። ሁለት ጣቴ ናት። ከልጁ መዳፍ ትነሳለች። «ጉንዳን መጣች… ክርን ላይ ደረሰች… ትከሻ ላይ ወጣች… የት ልግባ? የት ልግባ?…» እዚህ ላይ ትቆሚያለሽ። ዝም። ልጁ ካወቃት ቀድሞ አንገቱን ይቀብራል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ «ብብት ውስጥ!»። አዲስ አስተማሪዎች ሁሉ የሚያበላሹት ያቺን ዝምታ ነው፣ ይቸኩላሉ።

ስለ ወንበሩ። አባባ ተስፋዬን ማንም አይተካቸውም፤ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ ስንት ልጅ አድጎባቸዋል። ግን ፊታቸው ቁጭ ብለው ያዳምጧቸው የነበሩት አፋቸውን የፈቱ ልጆች ናቸው። ወንበሩን ለ5 ዓመቶቹ አቆዪላቸው፤ እነሱንም ሌላ ቀን ጥሪያቸው እንጂ በነዚህ አትለውጫቸው። «ተረት ተረት»ን ግን እንዳትተዪ። ትንንሾቹ መልሱን ባይሉትም እናታቸው ስትለው ይሰማሉ፤ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ጥቂት ሳምንት ቆይተው «በረት!» ማለት ይጀምራሉ። ስትጨርሺም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» በይና ጥርስ ላወጡት ለስለስ ያለ ዳቦ ቁረሽላቸው፣ እውነተኛ ዳቦ።

ለዕቃ አትጨነቂ። ባዶ ሀይላንድ ውስጥ እፍኝ ምስር ጨምሪ፣ ጽናጽል ሆነ። ጀሪካን ከበሮ ይሆናል። መጽሐፍ ካጠረሽ የብስኩት ካርቶን ቆርጠሽ የራሳቸውን የልጆቹን ፎቶ ለጥፊበት፣ በስኮች ሸፍኚው፣ በክር እሰሪው። ጎረቤቱን ልጅ መጽሐፍ ውስጥ ሲያገኘው የሚያሳየውን ነገር አይተሽ ትነግሪኛለሽ።

እውነቱን ልናገር፦

አትቀየሙኝ። የ5 ወር ሕፃን ምን ተረት ይገባዋል? በዚህ ከተማ ለተማሪ ጸጥ ያለ ቦታ ብርቅ ነው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከአምስት ሰው ጋር የሚኖሩ ልጆች ናቸው እዚያ አዳራሽ መጥተው የሚያጠኑት። ሕፃኑን እናቱ ቤቷ ዩቲዩብ ትክፈትለት።

ቲቸር ከባሕር ዳር፦

ወንድሜ፣ በ1995 ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሾላ ላይ መኖሪያ ቤታቸውን የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲያደርጉት፣ ኋላም ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ሲያዞሩ፣ ልጅ የት ይገባዋል ያላቸው ሰው አይጠፋም። ልጆቹ ግን ጎረፉ። ትልልቆቹ የሚያነቡት ትንሽ ሆነው ስለለመዱት ነው።

ነርሷ፦

በተማሪዎቹ ጉዳይ ልክ ነህ፣ ሰዓቱ መስተካከል አለበት። በዩቲዩቡ ግን አልስማማም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ ጥናት አለ። ሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ማንደሪን (የቻይና ቋንቋ) ከሚናገሩ ሰዎች ጋር 12 ጊዜ አገናኟቸው። መጽሐፍ እያነበቡላቸው፣ በአሻንጉሊት እያጫወቷቸው። ልጆቹ እንግሊዝኛ ውስጥ የሌሉትን የማንደሪን ድምፆች መለየት ቻሉ። ለሌሎች ሕፃናት ያንኑ በቪዲዮ አሳዩአቸው። ምንም አልያዙም። ስክሪኑ ያው ሰው፣ ያው ቃል ነበረው፤ ግን ሕፃኑ ሲያየው መልሶ አያየውም።

የ5 ወሯም ቢሆን ዝም ብላ የተቀመጠች እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ1984 ካናዳ ውስጥ የወጣ ጥናት እንዳሳየው ሕፃናት ከ6 እስከ 8 ወራቸው የማያውቁትን ቋንቋ ድምፅ ጭምር ይለያሉ፤ ከ10 እስከ 12 ወር ሲሆናቸው ቤታቸው የማይሰሙት ይጠፋቸዋል። ጥናቱ ከተጠቀመባቸው ድምፆች መሀል እንደኛ «ቀ» ከጉሮሮ የሚፈነዱ ነበሩበት። ስለዚህ ልጅቷ አሁን «ቆቅ»ንና «ኮክ»ን መለየት ሳትችል አትቀርም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2014 ወላጆች ከሕፃንነት ጀምረው ድምፅ አውጥተው እንዲያነቡላቸው ምክር አውጥቷል።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገርሽ፣ እህቴ። የቲቸር ሀይላንድ ቆንጆ ናት፤ ክዳኑን ግን በሱፐር ግሉ ለጥፊው፣ ከላዩም በፕላስተር ጠምጥሚበት፣ በየሳምንቱም አረጋግጪ። አንዲት ፍሬ ምስር አየር ቧንቧ ውስጥ ከገባች ሌላ ጣጣ ነው። ለመጫወቻ ያሰብሽውን ሁሉ በሶፍት ካርቶን ቱቦ ለኪው፤ ካለፈ ለነዚህ ልጆች አትስጪ። ዳቦውንም ቁጭ ብለው ይብሉ፣ እየሮጡ አይሆንም።

የታኘከው መጽሐፍ ላይ አትናደጂ፣ የ9 ወር ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። «የተላሰ» ብለሽ አንድ ካርቶን ለይተሽ አስቀምጪ፣ ሲሄዱ በሳሙና በራሰ ጨርቅ ትወለውያቸዋለሽ። ንፍጥና ትኩሳት ያለበት ልጅ ቤቱ ይዋል ብለሽ ማስታወቂያው ላይ ጻፊ። ለትንንሾቹ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነገር ቅርብ አድርገሽ አሳዪያቸው። ገና የተወለደ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ስታጠባው የእናቱ ፊት ያለበት ቦታ ማለት ነው። ጥቁር ጥለት ያለው ነጭ ሻርፕ ካለሽ ይበቃል።

እማማ (የልጅ ልጃቸው ነኝ የምጽፍላቸው)፦

ልጄ፣ እኔ ለማንበቡ ዓይኑም የለኝ። ሰባት ልጅ ግን አሳድጌአለሁ። አንድ ነገር ልበልሽ። ሞግዚቶቹን አትርሺ። ከገጠር የመጡ ልጆች ናቸው፣ ዜማው እነሱ ጋ ነው ያለው። እዚህ ከተማ ሲመጡ ሰው ይስቅብናል ብለው ዋጡት። ስማቸውን ጠይቀሽ በስማቸው ጥሪያቸው፣ የእገሌ ሞግዚት አትበያቸው። አንዷን «እናንተ አገር ልጅ ሲያለቅስ ምን ተብሎ ይባበላል?» በያት። በኦሮምኛ ይሁን በጉራጊኛ፣ በመጣላት ታውጣው። ሕፃን እንደሆን ቋንቋ አይመርጥም።

(ከልጅ ልጃቸው፦ ይሄን ካስጻፈችኝ ጀምሮ እያንጎራጎረች ነው፣ መጽሐፍ ጠባቂዋ ሰፈርሽ ቅርብ ከሆነ ላመጣልሽ እችላለሁ።)

መጽሐፍ ጠባቂዋ፦

ሁለት ቅዳሜ ሞክሬ ተመለስኩ። እማማን በሚቀጥለው አምጪልኝ፣ የምር ነው፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ሰዓቱን ከ4 ወደ 3 አመጣሁት፤ አዳራሹ የሚሞላው ከ4 በኋላ ነው። በሩ ላይ «ቅዳሜ ከ3፡00 እስከ 3፡45 ጫጫታ አለ፣ ይቅርታ» ብዬ ለጠፍኩ። ያ ማትሪክ ተፈታኝ አነበበው፣ ሳቀ፣ ሄደ። እስካሁን አልተመለሰም።

አሻንጉሊት ስላልነበረኝ የእህቴን ልጅ አሻንጉሊት ተውሼ መጣሁ። አንድ እግር የላትም፣ ማንም ግድ አልሰጠውም። ወንበሩን አወጣሁት። ጫማ በር ላይ አስወለቅኩ (የካልሲውን ሽታ አልነግራችሁም)። መጀመሪያ ያልኩት ያቺን የሲልቨር ስፕሪንጓን ነው፤ «ቢዞሩም፣ ቢያለቅሱም ምንም አይደለም» ስል አንዷ እናት «ተመስገን» አለች ድምፅ አውጥታ።

ጀሪካኑ ስህተት ነበር። ሁለት ዓመት ተኩሉ ልጅ ያዘውና አልሰጥም አለ፤ ለአስር ደቂቃ ያህል ከጀሪካን በቀር የተሰማ ነገር የለም። ዳግመኛ አላመጣውም። ነጠላው ግን! የመጀመሪያው ቀን አንዲት ልጅ ፈርታ ጮኸች፣ እናቷ ይዛት ዳር ቆመች። ሁለተኛው ቅዳሜ ከእናቷ ጭን ወርዳ ጫፉ ሥር ብቻ ገባች፣ ግማሽ ፊቷ ውጭ ሆኖ። «ነጋ» ስንል እሷ ናት ቀድማ ያጨበጨበችው።

ያነበብኩት አንድ ብቻ ነው፣ ሁለቴ። አምስት ገጽ ያለው የካርቶን መጽሐፍ ሠራሁ፤ ፎቶውን እናቶቹ በቴሌግራም ላኩልኝ፣ እንዳያኝኩት በስኮች ሦስት ጊዜ ጠቀለልኩት። በየገጹ «ይሄ ማን ነው?» ብቻ ነው የሚለው። የ9 ወሩ ልጅ (አሁን 10 ሆኖታል) የራሱ ገጽ ላይ ሲደርስ ተጠጋና አፉን ከፍቶ ጉንጩን ላሰው። ገጹን «የተላሰ» ካርቶን ውስጥ አስገባሁት።

ሞግዚቷን ደግሞ እማማ እንዳሉት ጠየቅኳት። መጀመሪያ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሌላዋ ጎን ጎኗን ጎሰመቻት። ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ በኦሮምኛ አንዲት አጭር ዜማ አወጣች። ቃሉን አልሰማሁትም፤ የያዘችው ልጅ ግን ቃሏን ከነጥቧ ታውቃታለች፣ ገና ሳትጨርስ ጀርባዋ ላይ ልትታዘል መጎተት ጀመረች። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሁላችንንም እንድታስተምረን ተስማምተናል፣ በቀስታ እንድትለው ለምኛታለሁ።

ስምንት ልጆች መጡ። አምስት ሀይላንድ ይዤ ሄጄ አራት ይዤ ተመለስኩ። ማን እንደወሰደው አውቃለሁ፣ እያንቃጨለ ነው የወጣው። እናቱ እዚህ ካለሽ ችግር የለም፣ ግን የክዳኑን ፕላስተር እባክሽ እያየሽው።